ማስረጃ ወይስ ምስክር? የካናዳ ጋዜጦች ስለ ነባር ሕዝቦችና ስለ ወጣቶቻቸው የሚያወሩበት አኳኋን

፩

በሙግት ጊዜ ከዳኛ ፊት የሚቀርበው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማስረጃ ነው፤ የተሰበረ መዝጊያ ወይም ደም የነካው ጋቢ ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ይታያል፥ ይገላበጣል፥ ብዙም ይነገርለታል፤ እርሱ ግን አይናገርም። ሁለተኛው ምስክር ነው። ምስክር በስሙ ይጠራል፥ ይምላል፥ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል፥ የሰጠውም ቃል የእርሱ ቃል ተብሎ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ፥ የካናዳ ጋዜጦች፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን የአገሩን ነባር ሕዝቦች፥ ይልቁንም ወጣቶቻቸውን፥ ለብዙ ዘመን የያዙት እንደ ማስረጃ እንጂ እንደ ምስክር አይደለም የሚል ነው። ማስረጃው አንዳንድ ጊዜ ለክስ፥ አንዳንድ ጊዜም ለርኅራኄ የተመረጠ ነው፤ ለወጣቱ ግን ልዩነቱ እስከዚህም አይደለም።

ካናዳን የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፥ ጉዳዩ በዚያ አገር በመንግሥት ኮሚሲዮን ሳይቀር የተመረመረ ስለሆነ በግምት ሳይሆን በተጨበጠ ነገር ላይ ቆሞ ለመናገር ይቻላል። ሁለተኛ፥ የካናዳ ጋዜጠኞች ሥራ በአንድ ወቅት እኛንም ነክቶናል፤ ይህንንም ወደ መጨረሻው እናመጣዋለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር አነጋገር «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ የኖሩት ሕዝቦች በካናዳ ዛሬ በሦስት ወገን ተከፍለው ይጠራሉ፤ እነርሱም ፈርስት ኔሽንስ፥ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሕዝቦች፥ ኢኑዊትና ሜቲስ ናቸው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው 1.8 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከአገሩ ሕዝብ ከመቶው 5 እጅ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 33.6 ዓመት ሲሆን የቀረው ሕዝብ ዕድሜ 41.8 ነው። እንግዲህ ስለ ነባር ሕዝቦች ማውራት በአብዛኛው ስለ ወጣት ማውራት ነው። ከዚህም ሌላ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ 150,000 ያህል ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን እንዲተዉ መደረጋቸውን አንባቢ ማስታወስ አለበት። ልጅን ከወላጅ የለየ አገር፥ ዛሬ ስለ እነዚያ ልጆች ልጆች በምን ቃል ይናገራል? ጥያቄው ይህ ነው።

፪

በ1990 በኩቤክ ክፍለ ሀገር፥ በኦካ ከተማ አጠገብ፥ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ሊሰፋ ታሰበ። ሜዳው የሚሰፋው የካነሳታኬ ሞሆኮች የእኛ ነው በሚሉት የጥድ ዱርና በመካነ መቃብራቸው አቅጣጫ ነበር። ሞሆኮቹ መንገዱን ዘጉ፤ ፖሊስ መጣ፥ አንድ ፖሊስ ሞተ፥ ቀጥሎም ጦር ሠራዊት ገባ። ነገሩ 78 ቀን ቆየ። ከዚያ ሁሉ ቀን በሰው ልብ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ አንድ ወጣት ወታደርና ፊቱን የሸፈነ አንድ ተዋጊ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ይታያሉ። ጋዜጦቹ ጭምብል የለበሰውን ሰው በዚያን ጊዜ ስሙ በጣም የታወቀ ሌላ ተዋጊ ነው ብለው ጻፉ። ኋላ ሲጣራ ግን ከሳስካችዋን የመጣ የኦጂብዌ ተወላጅ፥ የዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኖ ተገኘ።

እኛ የኮሌጅ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ያ ወጣት እንደ እኛው የመጽሐፍ ሰው ነበር። ትምህርቱን ትቶ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ለምን መጣ? ስለ መሬት ሕግ ምን ያውቃል? ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ጋዜጠኛው አንድ ጥሩ ምስክር ባገኘ ነበር። ነገር ግን የተፈለገው ምስክር ሳይሆን የሚያስፈራ ፊት ስለሆነ፥ ለፊቱ የማንም ስም ቢሰጠው ግድ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፥ የተሳሳተው ስም ከእርማቱ በኋላም ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ሲዞር ኖሯል።

በዚያው ስፍራ ሌላ ዓይነት ሥራ የሠራች ሰው ነበረች። የአቤናኪ ተወላጅ የሆነችው የፊልም ሠሪ አላኒስ ኦቦምሳዊን ከተዘጋው መንገድ ወዲያ፥ ከሰዎቹ ጋር ሆና ቀኖቹን ሁሉ በካሜራ ያዘች። በ1993 ያወጣችውም ፊልም በርእሱ «የ270 ዓመት ተቃውሞ» ይላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጋዜጦቹ 78 ቀን ቆጠሩ፥ እርሷ 270 ዓመት ቆጠረች። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ይህን ነው። የጎልፉን ሜዳ ብቻ የሰማ ሰው ሞሆኮቹን ነገረኞች ይላቸዋል፤ የ18ኛውን መቶ ዓመት የመሬት ስጦታ የሰማ ሰው ግን ነገሩ የፍርድ ጥያቄ መሆኑን ያያል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው በ1990 መጀመሪያ ላይ፥ ገና የኦካ ነገር ሳይነሣ፥ የፌዴራሉ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ጋዜጦች ይሰጥ የነበረውን የእርዳታ ገንዘብ ከበጀቱ ሰርዞ ነበር። በገንዘቡ ዕጦት ጋዜጦች ተዘጉ። ሰዎቹ በራሳቸው አፍ የሚናገሩበት ወረቀት በታጠፈበት ዓመት፥ ሌሎች ስለ እነርሱ የሚናገሩበት ወረቀት ሞላ።

፫

የአኒሺናቤ ተወላጅና የሲቢሲ ጋዜጠኛ የነበረው ዳንከን መክዩ፥ በ2011 ለጋዜጠኞች መምሪያ ሲያዘጋጅ፥ ከአንድ ሽማግሌ የሰማውን ነገር አሳውቋል። ሽማግሌው እንዳሉት ነባር ሰው ወደ ወሬ የሚገባው ከበሮ ሲመታ፥ ሲጨፍር፥ ሲሰክር ወይም ሲሞት ብቻ ነው። መክዩ ራሱ አምስተኛ ጨመረበት፤ ይኸውም ተዋጊ ሲሆን ነው። እነዚህን አምስት መደቦች ብንመረምራቸው በአንዱም ውስጥ ሰውየው ሲናገር አናገኘውም። ከበሮው ይሰማል፥ ሬሳው ይታያል፤ ቃል ግን የለም።

ይህ አስተያየት የቅሬታ ብቻ አለመሆኑን በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የተደረገ አንድ ጥናት ያመለክታል። በ2013 የወጣው ይህ ጥናት ከ2010 እስከ 2013 የታተመውንና የተሠራጨውን ወሬ ቆጥሮ፥ ስለ ነባር ሕዝቦች የተነገረው ከመቶው ግማሽ እጅ እንኳ እንዳልሞላ አግኝቷል። በክፍለ ሀገሩ ግን ቁጥራቸው ከመቶው 2 እጅ ያህል ነበር። ወሬው ከፍ ያለውም ተቃውሞ ወይም ችግር በተነሣበት ወራት ነው።

በዚያው ክፍለ ሀገር፥ በጄምስ ባሕረ ሰላጤ ዳር፥ አታዋፒስካት የሚባል የክሪ መንደር አለ። ሕዝቡ 2,000 ያህል ነው፤ መንገዱም አውሮፕላን፥ በክረምት ደግሞ በበረዶ ላይ የሚዘረጋ ጊዜያዊ መንገድ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ከ1979 ጀምሮ ከመሬቱ ሥር በፈሰሰ የናፍጣ ዘይት ተበክሎ በ2000 ተዘጋ፤ ልጆቹም ለብዙ ዓመታት በተንቀሳቃሽ ክፍሎች ተማሩ። በ2008 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለምረቃ ጉዞ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ወደ ዋና ከተማው ወደ ኦታዋ ለመሄድ አዋሉት። ከእነርሱ አንዷ ሻነን ኩስታቺን ነበረች። ሚኒስትሩ ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ገንዘብ የለም ብለው ሲመልሱላት፥ ተስፋ እንደማትቆርጥ ፊት ለፊት ነገረቻቸው፤ በፓርላማውም ደጃፍ ቆማ ተናገረች። ልጆቹ ደብዳቤ እየጻፉ፥ ፊልም እየቀረጹ በኢንተርኔት እየለቀቁ የሌሎች ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች አነሣሡ። ሻነን በ2010 በመኪና አደጋ ሞተች፤ ገና 15 ዓመቷ ነበር። በ2012 የካናዳ ፓርላማ በእርሷ ስም የተጠራውን የትምህርት ጥያቄ ያለ ተቃዋሚ ድምፅ ተቀበለው፤ አዲሱም ትምህርት ቤት በ2014 ተከፈተ።

ይህ የምስክርነት ታሪክ ነው። ልጆቹ ያቀረቡት ሐዘናቸውን ብቻ አልነበረም፤ የፈሰሰውን ዘይት፥ የተዘጋውን ቤት፥ የተሰጠውንና የተሻረውን ተስፋ አንድ በአንድ ቆጥረው ነው። ዳሩ ግን በውጭ አገር የአታዋፒስካት ስም ይበልጥ የታወቀው በ2011 በቤት ዕጦት፥ በ2016 ደግሞ ብዙ ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት በመሞከራቸው አለቆቹ የአስቸኳይ ጊዜ ባወጁበት ሰሞን ነው። የዓለም ጋዜጠኞች በ2016 በአውሮፕላን ገቡ፤ ካሜራቸውንም በልጆቹ ላይ አነጣጠሩ። ከስምንት ዓመት በፊት በዚያው መንደር ልጆች መንግሥትን ሲሞግቱ እንደ ነበር ስንቱ ወሬ አስታወሰ? ያለ ያንኛው ታሪክ ይኸኛው ሲነገር መንደሩ ያለ ምክንያት የታመመ፥ ልጆቹም የሚታዘንላቸው እንጂ የሚጠየቁ እንዳልሆኑ ተደርጎ ይታያል።

ከዚህ የሚመሳሰል ነገር በተንደር ቤይ ከተማ ሆኗል። ከ2000 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት፥ በየመንደራቸው የተሟላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላጡ ወደዚያች ከተማ ለትምህርት የመጡ ሰባት ወጣቶች ሞቱ። የቶሮንቶ ስታር ጋዜጠኛ ታንያ ታላጋ በ2011 ወደዚያ የሄደችው ነባር ሕዝቦች በምርጫ ለምን እንደማይሳተፉ ለመጻፍ ነበር። ስለ ምርጫው በጠየቀች ቁጥር ታላቁ አለቃ ስታን ቢርዲ የሚመልሱላት ስለ አንድ የጠፋ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስለ እርሱ ለምን አትጽፊም? አሏት። ታላጋ ይዛው የመጣችውን ጥያቄ ጥላ የተሰጣትን ጥያቄ ተቀበለች። ከዚህም በ2017 ስለ ሰባቱ ወጣቶች የጻፈችው መጽሐፍ ወጣ። በሞቱም ላይ የተደረገው ምርመራ በ2016 ሲፈጸም 145 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረበ። ጋዜጠኛ ጥያቄውን ከሕዝቡ መቀበል ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ካልሆነ የሚሆነውን ደግሞ በዊኒፔግ እናያለን። በ2014 አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ ሞታ በወንዝ ውስጥ ተገኘች። በ2018 የተከሰሰው ሰው ለፍርድ ሲቀርብ፥ አንዳንድ ጋዜጦች በርእሳቸው ላይ ያወጡት በልጅቷ ደም ውስጥ የተገኘውን የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ምልክት ነበር። ቃሉ በፍርድ ቤት የተነገረ እውነት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከብዙ እውነት መካከል አንዱን መርጦ በርእስ ላይ መስቀል ፍርድ መስጠት ነው። የሞተችው ልጅ ተከሳሽ ሆነች፤ ሬሳዋም በራሷ ላይ ማስረጃ ሆነ።

ርኅራኄም ቢሆን ከዚህ ስሕተት አያድንም። በግንቦት 2021 በካምሉፕስ ያለው ነባር ሕዝብ በቀድሞው አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ በራዳር በተደረገ ፍለጋ ምልክት የሌላቸው የልጆች መቃብሮች ሳይሆኑ የማይቀሩ ቦታዎች መገኘታቸውን ሲያሳውቅ፥ ብዙ ጋዜጦች «የጅምላ መቃብር» ብለው ጻፉ። የሕዝቡ አለቃ ራሳቸው የጅምላ መቃብር አለመሆኑን አስረዱ። በሐዘን ስም የተጨመረው ቃል ኋላ ነገሩን በሙሉ ለመካድ ለሚፈልጉ ሰዎች መሣሪያ ሆነላቸው። የባለቤቱን ቃል በልኩ ቢጽፉት ኖሮ በቂ ከባድ ነበር።

፬

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፥ ጋዜጠኛ የሆነውን መጻፍ አለበት፤ ሞትና ስካር ካለ ይደበቅን? የሚል ነው። አይደበቅም። ታላጋ የጻፈችው ስለ ሞት ነው። ነገር ግን ሞቱን የጻፈችው ትምህርት ቤት ከማጣት፥ ከበጀት፥ ከፖሊስ ምርመራ ማነስ ጋር አያይዛ ነው። ሞትን ያለ ምክንያቱ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው፤ ለሕዝቡ አዲስ ነገር አይደለም፥ ለውጭ አንባቢም ዕውቀት አይሆነውም።

ሁለተኛው፥ የነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነ ጋዜጠኛ ለወገኑ ያደላል የሚል ነው። የቶሮንቶ ተወላጅ ስለ ቶሮንቶ ከተማ አስተዳደር ሲጽፍ ያደላል ብሎ የጠየቀው የለም። ደግሞም ፍሬው ይመስክር፤ ከሳስካችዋን የክሪ ተወላጅ የሆነችው ኮኒ ዎከር አባቷ ስለ ተማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት በሠራችው የድምፅ ሪፖርት በ2023 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝታለች። ይህች ጋዜጠኛ ስለ ወገኖቿ መጻፍ የጀመረችው ገና ተማሪ ሳለች፥ በ1995 ስለ ተገደለች አንዲት የነባር ሕዝብ ሴት በትምህርት ቤቷ ጋዜጣ ላይ ነበር። በተማሪ ጋዜጣ የሚጻፍ ነገር ከንቱ ነው ለሚሉ ይህ መልስ ይሁናቸው።

ሦስተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ይህም ከሁሉ የበለጠ እውነት አለበት። ወደ ሩቅ መንደር ጋዜጠኛ ልኮ ሳምንታት ማስቀመጥ ውድ ነው። ዳሩ ግን በስፍራው አስቀድሞ ያሉ አሉ። በሰሜን ኦንታሪዮ ዋዋታይ የሚባለው ድርጅት ከ1974 ጀምሮ በሕዝቡ ቋንቋዎች በጋዜጣና በራዲዮ ሲሠራ ቆይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃም በ1999 የነባር ሕዝቦች ቴሌቪዥን ኤፒቲኤን ሥራ ጀምሯል። ትልልቆቹ ጋዜጦች ከእነዚህ ጋር አብረው ቢሠሩና ዋጋውን ቢከፍሉ፥ በችግር ቀን አውሮፕላን ከመከራየት ይረክሳል።

፭

ታዲያ ምን ይደረግ? በ2015 ሥራውን የፈጸመው የካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሲዮን ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች ውስጥ ሦስቱ፥ ከ84ኛው እስከ 86ኛው፥ ለዜና ማሰራጫዎች የተሰጡ ናቸው። 84ኛው የሕዝቡ ራዲዮና ቴሌቪዥን ገንዘብ እንዲመለስለት፥ 85ኛው ኤፒቲኤን የመሪነት ሥራውን እንዲቀጥል፥ 86ኛው ደግሞ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦችን ታሪክ፥ የአዳሪ ትምህርት ቤቶችን ነገር፥ ውሎችንና መብቶችን ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እንዲያስተምሩ ይጠይቃል። ሦስቱም መልካም ናቸው። በእኛ አስተያየት ግን አንድ ነገር ይጐድላቸዋል፤ ይኸውም ወጣቱ ራሱ በወሬው ውስጥ ምን ሥፍራ እንዳለው አይናገሩም። ታሪክ የተማረ ጋዜጠኛም ቢሆን ልጁን ማስረጃ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጨምራለን። ጋዜጠኛ ወደ መንደሩ ከችግር ቀን በፊት ይሂድ፤ ከችግሩም በኋላ ይመለስ። ወጣቱን «ምን ደረሰብህ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ታውቃለህ? ምን ይደረግ ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ልጅ ከሆነ ወላጆቹንና ሽማግሎቹን ያስፈቅድ፤ ቃሉም የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይንገረው። ወሬው ከወጣ በኋላ ለባለቤቱ ይመልስለት፤ ያየው ሰው ተሳስተሃል ቢል እርማቱን ስሕተቱ በወጣበት ስፍራ ያውጣ። አርእስት የሚጽፈው ሰው ደግሞ ስለ አንድ የሞተ ልጅ የሚያወጣው ቃል ልጁ የራሱ ቢሆን ኖሮ ያወጣው እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። እነዚህ ከባድ ነገሮች አይደሉም፤ ለማንኛውም ምስክር የሚገቡ ናቸው።

፮

አሁን ያቆየነውን ነገር እናንሣ። በ1984 በአገራችን ረኃብ በነበረ ጊዜ የሲቢሲ ቴሌቪዥን ቡድን፥ ከጋዜጠኛው ከብራያን ስቱዋርት ጋር፥ በትግራይ የአንዲት ሕፃን ፊት ቀረጸ። ሕፃኗ ልትሞት የቀረበች ይመስል ነበር። ሥዕሏ በ1985 በላይቭ ኤይድ ለዓለም ሁሉ ታየ። ልጅቱ ግን አልሞተችም፤ ብርሃን ወልዱ ትባላለች፥ በ2005ም በለንደን በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ወጥታ ታይታለች። ያ ፊልም ብዙ እርዳታ እንዳመጣ፥ ብዙ ነፍስም እንዳዳነ አንክድም። ነገር ግን በ1985 የረኃቡ፥ በ2005 ደግሞ የእርዳታው ማስረጃ ሆና ቀረበች። ረኃቡ ከየት እንደ መጣ፥ ጦርነቱ ምን እንዳደረገ፥ ገበሬው ምን እንዳለ የጠየቀ ወሬ ከሥዕሉ ጋር እኩል አልተጓዘም። ከዚያ ወዲህ ከአገሩ የወጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያን ፊት ተሸክሞ ይዞራል። የአታዋፒስካት ወጣት ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ለእኛ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም።

ይህንንም ስንል ሌላውን ለመውቀስ ብቻ መሆን የለበትም። እኛም ለጥናት ወደየአውራጃው ወጥተን ልማድ ስንሰበስብ፥ የሽማግሌውን ዘፈን፥ የልጃገረዷን ሹሩባ፥ የአርብቶ አደሩን ጦር መዝግበን እንመለሳለን። ከመዘገብናቸው ሰዎች ስንቱ በስሙ ተጠርቷል? ስንቱስ የጻፍንበትን ገጽ አይቷል? በኦንታሪዮ ጋዜጣ ላይ ያነሣነው ክስ በዚህ መጽሔትም ላይ ሊነሣ ይችላል። የሚቀጥለው ዙር ጥናት ከመጀመሩ በፊት፥ የምንጠይቃቸውን ወጣቶች የጥናቱ ተባባሪ ጠያቂዎች ለማድረግ የሚያስችል ደንብ ለአስተማሪዎቻችንና ለጓደኞቻችን እንዲቀርብ አሳስበን እናቆማለን።